እርሾዎ ሻጋታ አይሆንም፤ የሻገተው እንጀራ ግን ይጣል

ጥያቄ፦ «እንጀራ እየጋገርኩ ለሰፈር ሱቆች አስረክባለሁ። አሥራ አንደኛ ክፍል የምትማረው ልጄ ‹እማዬ፣ እርሾም ሻጋታም እኮ ፈንገስ ናቸው፤ ይስት በማቆጥቆጥ ይራባል፣ ስፖርም ይሠራል› አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ጭንቅ ይዞኛል። እንጀራዬን የሚያሻግተው እርሾዬ ይሆን? አንዳንዴ ሊጡ ላይ ነጭ ነገር ይለብስበታል፤ እሱ ነው እንዴ ስፖሩ? የሱቅ ደረቅ እርሾስ ስፖር ነው? ደግሞ ሳይሸጥ የተመለሰው እንጀራ ጫፉ ላይ ትንሽ ከሻገተ ያንን ቆርጬ ጥዬ ቀሪውን ድርቆሽ አደርገዋለሁ። በጣም የሻገተውን ለጎረቤቴ ላም እሰጣለሁ። ይሄ ጥፋት አለው?»

መልስ፦ የመጨረሻውን አስቀድማለሁ። አዎ፣ ጥፋት አለው። የሻገተ እንጀራ አይቆረጥም፣ አይደርቅም፣ ለላምም አይሰጥም። እርሾዎን ግን አይፍሩት። እንጀራዎን የሚያሻግተው እሱ አይደለም። ልጅዎ የነገረችዎት ስህተት የለበትም፤ ሁለት የተለያዩ ነገሮች ግን አንድ ላይ ተነግረዋት ተደባልቀውባታል። ሁለቱን መለየት ለእርስዎ ሥራ በቀጥታ ይጠቅማል።

ግራ መጋባቱ የሚጀምረው ከቃሉ ነው። በአማርኛ እርሾ የምንለው ሦስት ነገር አለ። አንዱ የቦካው ሊጥ ላይ የሚጠልለው ቢጫማ ውሃ ነው፤ ከአንዱ ቡኮ ወደ ሌላው የምናሸጋግረው። ሁለተኛው ከሱቅ በፓኬት የምንገዛው የዳቦ እርሾ ነው። ሦስተኛው ፍጡሩ ራሱ ነው፤ በዓይን የማይታየው ባለ አንድ ህዋስ ፈንገስ። ከዚህ በኋላ ፍጡሩን ይስት እለዋለሁ። እርሾ ስል ደግሞ እቃዎ ውስጥ ያለውን ውሃ ማለቴ ነው። እርሾ ውስጥ ይስት አለ፤ ግን ብቻውን አይደለም። ሊጡን የሚያኮመጥጡት በአብዛኛው ላክቲክ አሲድ የሚያመርቱ ባክቴሪያዎች ናቸው። ይስቶቹ ስኳር እየበሉ ጋዝ ያወጣሉ። ያ ጋዝ ነው ምጣድ ላይ ዓይን ሆኖ የሚወጣው። እርሾ እንግዲህ እንደ አንድ መንደር ነው። የመንደሩ ሰዎችም እንደየቤቱ ይለያያሉ፤ ለዚህ ነው የአንዷ ቤት እንጀራ ጣዕም ከሌላዋ የማይገጥመው።

አሁን ወደ ማቆጥቆጡ ልምጣ። ለምሳሌ የዳቦና የቢራውን ይስት እንውሰድ። ሳይንሳዊ ስሙ ሳካሮማይሲስ ሰርቪሲየ ነው። አንዷ ህዋስ ከ5 እስከ 10 ማይክሮሜትር ትሆናለች። ትልልቆቹ መቶ ሆነው ቢደረደሩ አንድ ሚሊሜትር ይሞላሉ። ይህች ህዋስ ስትራባ መሀል ለመሀል አትሰነጠቅም። ከጎኗ አንድ ቦታ ትመርጣለች። እዚያ ቦታ ላይ የፕሮቲን ቀለበት ይሠራል። በቀለበቱ ውስጥ ያለው ግድግዳ ይለሰልስና ወደ ውጭ ያብጣል። እብጠቱ እምቡጥ ነው፤ ጉቶ ላይ እንደሚያቆጠቁጥ ቅርንጫፍ ማለት ነው። እምቡጡ እያደገ ሲሄድ የእናትየው ኒውክለስ (የዘር መረጃዋ የሚቀመጥበት ክፍል) ወደ አንገቱ ይጠጋል፣ ለሁለት ይከፈላል፣ ግማሹም ወደ ልጅቱ ይሻገራል። ከዚያ በመካከላቸው ግድግዳ ይዘጋል። የአንገቱ ቀለበት የሚጠናከርበት ነገር ካይቲን ይባላል። የፌንጣና የጥንዚዛ ቅርፊትም ከሱ ነው የተሠራው። በመጨረሻ ልጅቱ ትላቀቃለች፤ እናቲቱ ላይ ክብ ጠባሳ ይቀራል።

ያንን ጠባሳ ሁሌም ለተማሪዎቼ አሳያለሁ፤ በጣም ስለምወደው ነው። ካይቲን ላይ የሚጣበቅ ቀለም ተጨምሮበት በአልትራቫዮሌት ብርሃን ሲታይ እንደ ሰማያዊ ቀለበት ያበራል። ቀለበቶቹን ቆጥረው ያቺ ህዋስ ስንት ልጅ እንደወለደች ማወቅ ይችላሉ። ደግሞም መውለዷ ልክ አለው። ሞርቲመርና ጆንስተን የተባሉ ተመራማሪዎች በ1959 እ.ኤ.አ. እንዳሳዩት፣ አንዲት እናት የተወሰነ ቁጥር ያህል ወልዳ ታቆማለች። ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ገደማ ነው። የተበላሹ ፕሮቲኖችና ሌላው የእርጅና ሸክም በአብዛኛው እናቲቱ ጋ ይቀራል። ልጅቱ ዕድሜዋን ከዜሮ ትጀምራለች። የእናትዎ እርሾ ዛሬም በእርስዎ እቃ ውስጥ የሚሠራው ለዚህ ነው። ህዋሶቹ ያረጃሉ፤ ዘሩ ግን አያረጅም።

ፍጥነቱስ? ምግብ በሞላበት ቦታ፣ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አካባቢ፣ አንዱ ዙር 90 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል። በዚህ ሂሳብ ከአንዲት ህዋስ ተነስቶ በ24 ሰዓት ውስጥ 65,536 ይደረሳል። ይህ የላቦራቶሪ ምቾት ነው። በብርድ ቀን ቡኮዎ የሚዘገየው ዙሩ ስለሚረዝም ነው። እንዲህ ያለው መራባት ጾታ የለውም። ልጅቱ የእናቷ ግልባጭ ናት።

እዚህ ጋ ቆም እንበል፤ ዋናው ነጥብ ያለው እዚህ ነው። እምቡጧ ስፖር አይደለችም። እምቡጥ ምግብ ባለበት ቦታ ለመብዛት ነው። ስፖር ደግሞ እንደ ዘር ያለች ህዋስ ናት፤ ምግብ ሲያልቅ ክፉ ቀን ለማሳለፍ፣ ወይም ወደ ሌላ ቦታ ለመሄድ ነው። የዳቦው ይስት ስፖር የሚሠራበት ጊዜ አለ፤ ያ ግን ሲርበው ነው። ናይትሮጅን ሲያልቅበትና ስኳር ጠፍቶ እንደ አሲቴት (ከኮምጣጤ አሲድ የሚገኝ ነው) ያለ ነገር ብቻ ሲቀርለት፣ ሁለት ረድፍ ክሮሞዞም (የዘር መረጃ ተሸካሚ) ያላት ህዋስ ክሮሞዞሟን በግማሽ ቀንሳ አራት ስፖሮች በአንድ ከረጢት ውስጥ ታስቀምጣለች። አስኮስፖር ይባላሉ። ይሄኛው ከጾታዊ መራባት ወገን ነው። ልጅዎ ‹በማቆጥቆጥ ይራባል፣ ስፖርም ይሠራል› ስትል ሁለቱም ልክ ነው። ሁለቱ ግን በተለያየ ጊዜ፣ በተለያየ ምክንያት የሚሆኑ ናቸው።

ነገሩን የሚያወሳስበው ደግሞ የመጽሐፍ ቋንቋ ነው። አንዳንድ መጻሕፍት የይስትን እምቡጥም ‹ብላስቶስፖር› ይሉታል። ብላስቶስ በግሪክ እምቡጥ ማለት ነው። ይህ ስም በይበልጥ የሚሠራው እንደ ካንዲዳ ላሉት ይስቶች ነው። በእርግጥ በማቆጥቆጥ ስፖር የሚያወጡ ፈንገሶችም አሉ። የመታጠቢያ ቤት ግድግዳ ላይ ጥቁር አረንጓዴ ነጠብጣብ የሚያወጣው ክላዶስፖሪየም ጥሩ ምሳሌ ነው። ሻጋታ የሚያድገው እንደ ቀጭን ክር ነው፤ ከክሩ ጫፍ አንድ ስፖር ያቆጠቁጣል። ያ ስፖር ራሱ ሌላ ያቆጠቁጣል፤ ሌላውም ሌላ። እንደ መቁጠሪያ ሰንሰለት ይሆናል፤ ትንሹ ልጅ ሁልጊዜ ጫፍ ላይ ነው። ፔኒሲሊየም የተባለው ሻጋታ ደግሞ ተቃራኒ ነው። ጠርሙስ በመሰለች ህዋስ አፍ በኩል ስፖሮቹን አንድ በአንድ ይገፋል፤ ስለዚህ ትልቁ ጫፍ ላይ ነው፣ ትንሹ ከሥር። ሁለቱም ነፋስ ሲነካቸው ይበተናሉ። ልጅዎ ለፈተና ከፈለገችው ይህን ልዩነት ትያዝ።

ሁሉም ይስት ያቆጠቁጣል ማለትም አይደለም። ስኪዞሳካሮማይሲስ ፖምቤ የሚባለው እንደ ባክቴሪያ መሀል ለመሀል ይሰነጠቃል። በ1893 እ.ኤ.አ. ሊንድነር የተባለ ጀርመናዊ ነው የገለጸው፤ ያገኘው በምሥራቅ አፍሪካ ከሚጠመቅ የማሽላ ዘር ጠላ ውስጥ ነው። ፖምቤ በስዋሂሊ ጠላ፣ ቢራ ማለት ነው። ዛሬ በዓለም ላይ በብዙ ላቦራቶሪዎች የህዋስ መከፋፈል የሚጠናበት ይስት ይሄ ነው።

ቅርጻቸውን የሚቀያይሩም አሉ። ሙኮር የተባለው ሻጋታ አየር ባለበት እንደ ጸጉር ያድጋል፤ ኦክስጅን ተነፍጎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲበዛበት እንደ ይስት ያቆጠቁጣል። የጋሪ ፈረሶቻችንን ቆዳ የሚያቆስለው ሂስቶፕላዝማም እንዲሁ ነው። አፈር ውስጥ ክር ነው፤ ፈረሱ ሰውነት ውስጥ ሲገባ የሚያቆጠቁጥ ይስት ይሆናል። ማቆጥቆጥ እርጥብና ምግብ በሞላበት ቦታ ያዋጣል። ክር ጠጣር ነገር ሰንጥቆ ለመግባት ያዋጣል። ስፖር ለጉዞ ነው።

የሱቁ ደረቅ እርሾም ስፖር አይደለም። ይሄንን ስህተት ከዳቦ ጋጋሪዎችም እሰማለሁ። ፓኬቱ ውስጥ ያለው ሙሉ በሙሉ ያደገ፣ ውሃው ተመጥጦ ያንቀላፋ ህያው ይስት ነው። እንዳይሞት የሚረዳው ትሬሃሎስ የተባለ ስኳር በሰውነቱ ውስጥ ማጠራቀሙ ነው። ስፖር ስላልሆነ እንደ ስፖር አይችልም። ከተከፈተ በኋላ እርጥበትና ሙቀት ቀስ እያለ ይገድለዋል። በደንብ አሽገው ፍሪጅ ያስቀምጡት። በሕይወት መኖሩን ለማወቅ ለብ ባለ ውሃ ትንሽ ስኳር ጨምረው ይበጥብጡትና አሥር ደቂቃ ያህል ይጠብቁ። ካልደፈቀ ሞቷል። ውሃው እጅ የሚያቃጥል ከሆነ ደግሞ እርስዎ ነዎት የገደሉት። አንዳንድ ጋጋሪዎች ቡኮው እንዲፈጥን ይህንን እርሾ ሊጥ ውስጥ ይጨምራሉ። ጋዙ ቶሎ ይመጣል፣ ዓይኑም ያምራል። አሲዱ ግን አብሮ አይፈጥንም፤ እሱ የባክቴሪያዎቹ ሥራ ነው፣ ጊዜ ይፈልጋል። ጣዕሙ ቢጎድል አይገረሙ።

ታዲያ እንጀራውን ማን አሻገተው? ከምጣድ የወጣ እንጀራ ላይ ህያው ይስት አይተርፍም። ይስት 60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ላይ በደቂቃዎች ውስጥ ይሞታል፤ የምጣዱ ሙቀት ከዚህ በጣም ይበልጣል። የተለመዱት የሻጋታ ስፖሮችም በእንፋሎቱ ያልቃሉ። ስለዚህ ሻጋታው የሚመጣው ከተጋገረ በኋላ ነው፦ ከአየር፣ ከሰፌድ፣ ከመሶብ፣ ከጨርቅ፣ ከእጅ። ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት እንጀራ ላይ ያገኛቸው ሦስት ወገኖች ናቸው፦ ጥቁሩ አስፐርጂለስ ኒጀር፣ ፔኒሲሊየምና ራይዞፐስ። ሦስቱም ይስት አይደሉም። እርሾዎ መቶ ዓመት ቢቀመጥ ወደ እነሱ አይለወጥም። ፈንገስ መባላቸው ብቻ ነው የሚያገናኛቸው። ላምና የሌሊት ወፍም ሁለቱ አጥቢ ናቸው፤ አንዱ ግን ሌላውን አይወልድም።

ሻጋታ እንጀራ ላይ ሲያርፍ መጀመሪያ የሚሠራው ስፖር አይደለም፤ ክር ነው። ክሩ ቀለም የለውም፣ አይታይም። በእንጀራው ዓይኖች በኩል ወደ ውስጥ ይዘልቃል። እንጀራ እርጥብና ባለ ቀዳዳ ስለሆነ መንገድ አያጣም። ክሩ በደንብ ከበላ በኋላ ወደ ላይ ግንድ ያወጣል፣ ግንዱ ላይ ስፖር ይደረድራል። አረንጓዴውና ጥቁሩ ቀለም የሚታየን ያኔ ነው። ራይዞፐስ ደግሞ አያቆጠቁጥም፤ ስፖሮቹን የሚሠራው የስፒል ራስ በመሰለች ጥቁር ከረጢት ውስጥ ነው፣ ከረጢቷ ስትፈነዳ በሺዎች ይወጣሉ። እንግዲህ እርስዎ ቀለም ያዩበት ቦታ ሻጋታው የጀመረበት ሳይሆን ሥራውን ጨርሶ ልጆቹን ለመላክ የተዘጋጀበት ነው። ቀለሙን ሲቆርጡ ዘሩን ቆረጡ እንጂ ሥሩ እዚያው አለ።

‹ቆርጦ መብላት ይቻላል› የሚለው ምክር ከየት መጣ? ከጠንካራ አይብ ነው። ደረቅና ጥብቅ አይብ ላይ ክሩ እንደልቡ ስለማይሄድ፣ ከሻጋታው ዙሪያና ሥር 2.5 ሴንቲሜትር ያህል አስፍቶ መቁረጥ ይፈቀዳል። እንጀራ፣ ዳቦ፣ የበሰለ ወጥ ላይ ይህ አይሠራም።

ድርቆሽ ማድረግስ? ድርቆሽ ጥሩ ነገር ነው፤ የሚደርቀው ግን ያልሻገተ እንጀራ ነው። ማድረቅ ሻጋታውን ያስቆመዋል እንጂ አይገድለውም። ስፖር ድርቀትን ለመቻል የተፈጠረ ነው። በፀሐይ የደረቀው ድርቆሽ ፍርፍር ሊሆን ሲረጥብ ያው ነው። ከሁሉም የከፋው ግን መርዙ ነው። አንዳንድ ሻጋታዎች ሲያድጉ መርዝ ያመርታሉ። ሻጋታው ቢሞት እንኳ መርዙ ይቀራል። በጣም የታወቀው አፍላቶክሲን ነው፤ የቤት ማብሰያ ሙቀት አያጠፋውም። በ1960 እ.ኤ.አ. እንግሊዝ ውስጥ ከ100,000 በላይ ተርኪ የሚባሉ ትልልቅ ዶሮ መሰል ወፎች ባልታወቀ በሽታ አለቁ። ሲመረመር የተበከለ የለውዝ መኖ ነበር። ይህን መርዝ ዓለም ያወቀው ያኔ ነው። ጎረቤታችን ኬንያ በ2004 እ.ኤ.አ. የሻገተ በቆሎ የበሉ 317 ሰዎች ታመው 125 ሞቱ።

እዚህ ላይ ላጋንን አልፈልግም። እንጀራ ላይ የሚወጣ ሻጋታ ሁሉ አፍላቶክሲን ያመርታል አልልም። አፍላቶክሲንን በዋናነት የሚያመርተው አስፐርጂለስ ፍላቨስ ነው፤ ለውዝ፣ በቆሎና በርበሬ ላይ ይበዛል። ጥቁሩ ኒጀርም አንዳንዱ ዝርያው ኦክራቶክሲን የሚባል ሌላ መርዝ ያወጣል፤ ሌላው አያወጣም። አንዴ ሳያውቁ የሻገተ የጎረሱ ሰው ይታመማሉ ማለትም አይደለም። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ የትኛው ሻጋታ መርዘኛ እንደሆነ በዓይን አይለይም፤ እኔም ዕድሜዬን ሙሉ ፈንገስ ያየሁት ሰውዬ መርዙን በዓይኔ መለየት አልችልም። ሁለተኛ፣ እንዲህ ያለው መርዝ እንደ ኬንያው ሳይበዛ በትንሹ ሲሆን ጉዳቱ ቀስ በቀስ ነው። አፍላቶክሲን ለዓመታት በትንሽ በትንሹ ሲበላ የጉበት ካንሰር ሊያመጣ ይችላል። እርስዎ ደግሞ የሚጋግሩት ለራስዎ ቤት ብቻ አይደለም፤ እንጀራዎን የሚበሉ ልጆች አሉ።

ለላም መስጠቱም ይቁም። ላሟ አፍላቶክሲን ስትበላ የተወሰነው መልኩን ቀይሮ ወደ ወተቷ ይወጣል። ወተቱን ማፍላት አያስወግደውም። በአዲስ አበባና በዙሪያዋ በተደረገ ጥናት ወተት ውስጥ ይህ መርዝ ተገኝቷል፤ ዋና ምንጩ የተበከለ የኑግ ፋጉሎ ነበር። ሰው አይበላውም ብለን ለላም የሰጠነው ነገር በሕፃን ጡጦ ተመልሶ ይመጣል። ዶሮዎችም አይሻሉም፤ በተለይ የዳክዬና የተርኪ ጫጩቶች ለአፍላቶክሲን በጣም ስሱ ናቸው።

ነጩ ነገር ላይ ደርሰናል። ሊጡ ወይም እርሾው ከተለመደው ቀን በላይ ሲቆይ ላዩን የሚለብሰው ስስ፣ ለጥ ያለ፣ አንዳንዴ የተሸበሸበ ነጭ ሽፋን አብዛኛውን ጊዜ ይስት ነው። እንደ ፒቺያ ያሉ አየር ወዳድ ይስቶች ናቸው፤ ላይ ላይ ተንሳፍፈው ያቆጠቁጣሉ። ስፖር አይደለም፣ መርዝም አያመርትም። ቀስ ብለው ከነውሃው ይድፉት፣ ከሥሩ ያለውን ይጠቀሙ። ግን ችላ አይበሉት። እነዚህ ይስቶች አሲዱን ይበላሉ። አሲዱ ሲቀንስ ሊጡን የሚጠብቀው አጥር ይፈርሳል፤ ያኔ እውነተኛው ሻጋታ ይገባል። ልዩነታቸው በዓይን ይታያል። ይስት ለጥ ያለ ነው፤ ሻጋታ ጸጉር አለው፣ ቀለምም አለው። አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ ሮዝ፣ ወይም ጥጥ የመሰለ ነገር ካዩ ሊጡም እርሾውም ይደፋ። እቃውን በፈላ ውሃ አጥበው ከጎረቤት እርሾ ይዋሱ። እርሾ መዋስ ነውር ሆኖ አያውቅም።

አንድ ነገር ጎን ለጎን ላንሳ፤ ደጋግሞ ይመጣልና። ‹ካንዲዳ አለብሽ ተብዬ እንጀራ ተውኩ› የሚሉ ሰዎች አሉ። የእንጀራ ሊጥ ውስጥ ከተገኙት ይስቶች አንዱ ካንዲዳ ሂዩሚሊስ ይባል ነበር። ካንዲዳ የሚለው ስም ድሮ እንደ ቅርጫት ነበር፤ ጾታዊ ስፖር ሲሠራ ያልታየ የሚያቆጠቁጥ ይስት ሁሉ እዚያ ይጣል ነበር። የሊጡ ይስት ዛሬ ካዛክስታኒያ በሚባል ሌላ ወገን ተመድቧል። ሰውን የሚያሳምመው ካንዲዳ አልቢካንስ ነው፤ ሌላ ፍጡር ነው፣ ቀድሞውንም በብዙዎቻችን አንጀት ውስጥ ይኖራል። የእንጀራው ይስት ደግሞ ምጣድ ላይ ሞቷል። አፍዎ ውስጥ ወይም ብልትዎ አካባቢ ነጭ ነገር እየተመላለሰ ካስቸገረዎት እንጀራ መተው መፍትሔ አይሆንም። ሐኪም ጋ ይሂዱ፤ ስኳር በሽታ ወይም የበሽታ መከላከል አቅም መዳከም ሊኖር ስለሚችል መመርመር አለበት።

አሁን ምን ያድርጉ? ከሁሉ በፊት ከሱቅ የሚመለሰውን እንጀራ ወደ መጋገሪያ ቤትዎ አያስገቡት። ጥያቄዎን ሳነብ ይበልጥ ያሳሰበኝ ይሄ ነው። አንዲት አረንጓዴ ነጠብጣብ ላይ ሚሊዮኖች ስፖር አለ። ተመላሹን ዛሬ የጋገሩት አጠገብ ዘረጋግተው ‹የቱ ደህና ነው› ብለው ሲያገላብጡ የነገውን እያሻገቱ ነው። ተመላሽ ደጅ ላይ ይታይ። ሻጋታ ያለበት ሳይራገፍ በፌስታል ታስሮ ይጣል። በአፍንጫም አይመርመር፤ የአስፐርጂለስ ስፖር ከ2 እስከ 5 ማይክሮሜትር ብቻ ስለሆነ ሳንባ ድረስ ይገባል፣ አስም ላለበት ሰው በተለይ ክፉ ነው።

ቀጥሎ እንፋሎቱ ነው። ትኩሱ እንጀራ ተደራርቦ ወዲያው ፌስታል ውስጥ ሲገባ እንፋሎቱ ወደ ጠብታ ይለወጣል። ያቺ ጠብታ ለስፖር ከምግብ በላይ ናት፤ ስፖር የሚበቅለው ውሃ ሲያገኝ ነው። እያንዳንዱ እንጀራ ሰፌድ ላይ ሙሉ በሙሉ ይቀዝቅዝ። አዲሱን ከትናንቱ ጋር አያደራርቡ። ሰፌድና መሶብ በስንጥቃቸው መሀል ስፖር ይይዛሉ፤ ሁለት ሁለት ስብስብ ይኑርዎትና አንዱ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ሲውል በሌላው ይሥሩ። የሚሸፍኑበት ጨርቅም ይቀቀል።

እንዲህም ሆኖ በክፍል ሙቀት እንጀራ ከሦስት አራት ቀን ብዙ አያልፍም። ለሱቆቹ ይህን በግልጽ ይንገሯቸው፤ ስድስተኛ ቀን ላይ ተመላሽ መቀበል ኪሳራው የእርስዎ ነው። ፍሪጅ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም፤ ፔኒሲሊየም ብርድ ውስጥም ያድጋል። ማቀዝቀዣው ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ከሆነ እድገቱ ይቆማል፣ ሲወጣ ግን ስፖሩ ህያው ነው፤ ስለዚህ የወጣውን ቶሎ መብላት ነው። እንደ ፖታሲየም ሶርቤት ያሉ መከላከያዎች እንጀራ ላይ ተሞክረው ዕድሜውን ማራዘማቸው ታይቷል። አሲድ ባለበት ስለሚሠሩ ለእንጀራ ይስማማሉ። ነገር ግን የሚፈቀደው መጠን የተወሰነ ነው፤ በማንኪያ ግምት ሊጥ ውስጥ የሚጨመር ነገር አይደለም። ሚዛንና የባለሙያ ምክር ከሌለዎት አይንኩት። በእርስዎ መጠን ላለ ሥራ ማቀዝቀዝ፣ ማድረቅና ተመላሹን ማራቅ ይበቃል።

ለልጅዎ ደግሞ አንድ ነገር። ትምህርት ቤቷ ማይክሮስኮፕ ካለው ከእርሾዎ አንዲት ጠብታ በብልቃጥ ይስጧት። መስታወት ላይ አድርጋ 400 ጊዜ አጉልታ ትይ። ክብና ሞላላ ህዋሶች ይታዩዋታል። ከጎናቸው ትንሽ ልጅ ያንጠለጠሉትን ትፈልግ። አጠገባቸው የሚታዩት በጣም ትንንሽ ዘንጎች ባክቴሪያዎቹ ናቸው። ሜቲሊን ብሉ ከሚባለው ቀለም አንዲት የተበረዘ ጠብታ ብትጨምርበት የሞቱት ይስቶች ሰማያዊ ይሆናሉ፣ በሕይወት ያሉት ቀለም አይዙም። በሊጡ በመጀመሪያው ቀንና በሦስተኛው ቀን ወስዳ ስንቱ እምቡጥ እንደያዘ ትቁጠር። ውጤቱን ብትልክልኝ ደስ ይለኛል።